ቢራን በባቡር ተከትሎ፦ ከኮሎኝ እስከ ፕልዘን

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ይህን ክር የከፈትሁት እኔ ነኝ። መልሱ ከጠበቅሁት በላይ ስለበዛ፣ አዲስ የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች ሲያገላብጥ እንዳይውል መነሻ ጽሑፌን አስቀድሜ፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል እተርካለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ ጽሑፍ

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ፍራንክፈርት ከሚኖረው የአጎቴ ልጅ ጋር ሆነን በመጪው ጥቅምት ጀርመንንና ቼክን በባቡር ልንዞር ቆርጠናል። ሐሳባችን ሕንፃና ሐውልት ማየት አይደለም። ቢራው ከሚጠመቅበት ከተማ ወርደን፣ የከተማው ሰው ከሚበላው ምግብ ጋር፣ እነሱ በሚጠጡበት መጠጫ ልንቀምሰው ነው። መጠጥ ከአገሩ ሲወጣ ግማሽ ጣዕሙን ትቶ ይወጣል ብዬ አምናለሁ። ውሃው፣ አየሩ፣ አብሮት የሚቀርበው እህል፣ የቀጂው ልማድ፣ ሁሉም የጣዕሙ አካል ነው። ቢቸና ላይ ከጋን ተቀድቶ የሚጠጣ ጠላ በጀሪካን ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባም ያው ነው የሚለኝ ሰው ካለ እከራከረዋለሁ።

ለምን በባቡር? ቢራና መሪ አብረው አይሄዱም። ቼክ ውስጥ የሚያሽከረክር ሰው በደሙ ምንም አልኮል እንዲኖር አይፈቀድለትም። ደግሞም የእነዚያ ከተሞች ጣቢያ ከመሀል ከተማ ስለማይርቅ ከፉርጎ ወርዶ እስከ ጠማቂው ቤት በእግር ይደረሳል። በዚያ ላይ ባቡርና ቢራ የቆየ ዝምድና አላቸው። የጀርመን የመጀመሪያው የባቡር መስመር በ1835 በኑረምበርግና በፉርት መካከል ሲከፈት፣ በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያው የዕቃ ጭነት ሆኖ የተጓዘው ሁለት በርሜል ቢራ ነበር።

ከሁሉ የሚያጓጓኝ ባምበርግ ነው። እዚያ የሚጠመቀው የጭስ ቢራ ብቅሉ የሚደርቀው ቢች በሚባል ዛፍ ፍልጥ እሳት ላይ፣ ጭሱ እያለፈበት ነው። ያሰብነው ጉዞ ኮሎኝ፣ ኑረምበርግ፣ ባምበርግ፣ ሙኒክ፣ ፕልዘን፣ ፕራግ ነው። የቱን አስቀድመን የቱን እናስከትል? የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው በእነዚህ ከተሞች ምን ይበላል? ቲኬቱንስ እንዴት ብንገዛ ይረክሳል? የምታውቁ ንገሩን።

መልሶቹ

1ኛዋ መላሽ ኑረምበርግ የምትኖር የደጀን ልጅ ናት። መንገዱን መርቃ፣ ኑረምበርግን ማረፊያ አድርገን ባምበርግን ደርሶ መልስ እንድናየው መከረችን፤ በክልል ባቡር ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ነው። ኑረምበርግ፣ ባምበርግና ሙኒክ ለሚገኙበት ለባቫሪያ ክልል ብቻ የሚሸጥ የቀን ቲኬት እንዳለም ነገረችን። እስከ አምስት ሰው አብሮ ይጓዝበታል። በሥራ ቀን ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አያገለግልም፣ ፈጣኑ ባቡር ላይም አያሳፍርም። በ2023 በ49 ዩሮ የተጀመረው አገር አቀፍ ወርኃዊ ቲኬት ዋጋው ከዚያ ወዲህ ቢጨምርም ለሚዞር ሰው ያዋጣል፤ በየወሩ ራሱን የሚያድስ ውል ስለሆነ ግን በጊዜ መሰረዝ ያስፈልጋል። ስለ ምግቡ ያስጠነቀቀችን አንድ ነገር ነው። ከተማዋ የምትታወቅበት ጣት የምታህለው ቋሊማ የአሳማ ሥጋ ናት። ርዝመቷ ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ተወስኖ፣ ስሟም ከ2003 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው።

2ኛው መልስ ከፍኖተ ሰላም የመጣ፣ ባለ ሁለት መስመር ነው። ልጁ የባምበርግ ቢራ ከእኛ ጠላ የተለየ ነገር እንደሌለው፣ የእኛም ጋን በወይራ ስለሚታጠን ጣዕሙን ለማወቅ አውሮፕላን መሳፈር እንደማያሻ ጻፈ።

3ኛው መላሽ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ በጠመቃ ክፍል የሚሠራ ወንድም ነው፤ በዚህ ክር ውስጥ ደጋግሞ ይመጣልና ያዙት። የጭስ ቢራ ባምበርግ ላይ እንዴት ሊቀር እንደቻለ አስረዳን። በጥንት ጊዜ ብቅል ሁሉ በእሳት ስለሚደርቅ ቢራ ሁሉ ጭስ ጭስ ይል ነበር። ኋላ እሳቱን ከብቅሉ ለይቶ ትኩስ አየር ብቻ የሚያሳልፍ ማድረቂያ ሲመጣ ጭሱ ከየአገሩ ቢራ ጠፋ። ሽሌንከርላና ሽፔትሲያል የሚባሉት ሁለቱ የባምበርግ ቤቶች ግን ብቅላቸውን ራሳቸው በፍልጥ እያደረቁ ቀጠሉ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀምሶ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ በአንዱ ፈርደን እንዳንነሳም አደራ አለን።

4ኛው መልስ ከሁሉም የወደድሁት ነው። የጻፉት ጠላ ጠምቀው ልጆች ያሳደጉ የቡሬ እናት ናቸው፤ በስልክ የምትጽፍላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። የፍኖተ ሰላሙን ልጅ ልጄ እያሉ አረሙት። የእኛ ብቅል ጭስ አያውቅም። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ካቆጠቆጠ በኋላ የሚሰጣው ፀሐይ ላይ ነው። ጭሱ የሚገባው በጋኑ በኩል ነው፤ ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ጠላው ጠቆር ብሎ የቆሎ ሽታ የሚኖረው ደግሞ በጭሱ ምክንያት ሳይሆን ምጣድ ላይ በሚታመሰው አሻሮና እንኩሮ ነው። ስለዚህ የእኛው ጭስ ከዕቃው፣ የእነሱ ጭስ ከእህሉ የሚመጣ በመሆኑ ሁለቱን አንድ ማድረግ ልክ አይደለም አሉ። የፍኖተ ሰላሙ ልጅም እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ስለ ቢራ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ይህን ያህል የጠራ ልዩነት ግን ከየትም አላገኘሁም።

ከዚያ ነገሩ ከረረ። 5ኛው መልስ ከሞጣ ነው። ሰውየው ለባዕድ አገር መጠጥ ይህን ያህል ገንዘብ ማፍሰሴ ያሳዝናል አለ። ከተማችን ውስጥ ጠላ ቤት ሲገባ መታየትን የሚያፍር ሰው፣ የፈረንጅ ጠላ ቤት ፊት ለመሰለፍ ቪዛ ይለምናል ሲልም ጨመረ። ጌሾ በተወደደበት፣ እህል በተወደደበት ጊዜ የጠላ ቤት እናቶችን የሚያስታውስ እንደሌለ ጽፎ ጨረሰ። 6ኛው ደገፈው። 7ኛው ስድብ ስለነበረበት አስተባባሪው አነሣው።

8ኛው የእኔ መልስ ነው። የሞጣው ወንድሜ ያነሣው ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው፤ ስለ ጠላ ቤቶች ያለውንም ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። የእኔ ጉዞ ግን ከዚያ ጋር አይጣላም። ኮልሽ የሚለው የኮሎኝ ቢራ ስም በሌላ አካባቢ ለተጠመቀ ቢራ እንዳይሰጥ የከተማዋ ጠማቂዎች በ1986 ተፈራርመው፣ ኋላም በአውሮፓ ኅብረት አስመዝግበው አስጠብቀውታል። የአንድ ከተማ ሰዎች መጠጣቸውን እንዴት እንዳከበሩት በዓይኔ ላየው እፈልጋለሁ፤ የቢቸናና የደምበጫ ጠላም እንዲህ ያለ ክብር ይገባዋል ብዬ ከልቤ ስለማምን ነው። የሞጣው ሰው ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ 6ኛው ግን አመሰገነኝ።

ከ9 እስከ 12 ያለው የቪዛ ወሬ ነው። 9ኛው ከእንጅባራ ሆኖ ማመልከቻው በ15 ቀን እንደሚያልቅ ነገረን። 10ኛው ቆጣ ብሎ አስተካከለው፤ ሰው በእንዲህ ያለ ምክር የአውሮፕላን ቲኬት ገዝቶ እንደሚከስርም ተናገረ። በአፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን ስላጠበቀ መደበኛው የመጠበቂያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ወጥቷል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም። ይህን ሲሰማ 11ኛው ደነገጠ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዘን ጀርመን ከገባን በኋላ ቼክ ብንሻገር መመለስ እንችል እንደሆነ ጠየቀ። 12ኛዋ አረጋጋችው። ቼክ ከ2007 ማብቂያ ጀምሮ በአንድ ቪዛ በሚዞርባቸው የሼንገን አገሮች ውስጥ ስለሆነች በባቡር መሻገሩ እንደ አዲስ መግቢያ አይቆጠርም። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለምናድርበት አገር ኤምባሲ ነው፤ የጤና መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ቼክ ውስጥ የሚሠራው ገንዘብም ዩሮ ሳይሆን ኮሩና ነው።

13ኛው ኮሎኝ የተማረ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ስለ አባቱ የጻፈውን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ኮሎኝ ውስጥ ቢራ በጃምቦ አይቀርብም። ብርጭቆው ቀጭንና ረጅም፣ የሚይዘውም 0.2 ሊትር ብቻ ነው። አስተናጋጁ ክብ መያዣ ተሸክሞ እየዞረ፣ ብርጭቆ ባዶ ባየ ቁጥር ሳይጠየቅ አዲስ ያስቀምጣል፤ ስንት እንደተጠጣም ከብርጭቆው ሥር ባለችው ካርቶን ላይ በእርሳስ ይጭራል። በቃኝ ያለ ሰው ካርቶኗን በብርጭቆው አፍ ላይ ይከድናታል። ልጁ ሊጠይቁት የመጡትን አባቱን አንዱ ቤት ሲወስዳቸው ይህን አልነገራቸውም። አባት የጎጃም ሰው ናቸው፤ የቀረበን መመለስ ነውር ነው ብለው አስተናጋጁ ባስቀመጠ ቁጥር እያመሰገኑ ይጨርሳሉ፤ አስተናጋጁም እንግዳው ወደዱልኝ ብሎ ይተካል። ልጁ የሆነው የገባው ካርቶኗ ዙሪያዋን በጭረት ተሞልታ ሲያይ ነው። አባትየው ካርቶኗን አገር ቤት ይዘዋት ገብተዋል፤ ሳሎናቸው ውስጥ ከፎቶግራፎቹ ጋር ተሰቅላለች።

14ኛው ከኮሎኝ ይልቅ ጎረቤቷን ዱሰልዶርፍንና ጠቆር ያለ ቢራዋን አወደሰ። 15ኛው ሁለቱ ከተሞች በቢራ ነገር እንደማይስማሙ አስታውሶ አለፈው።

16ኛው ስለ ሙኒክ ነው። በ1810 ከአልጋ ወራሹ ሉድቪግና ከልዕልት ቴሬዘ ሠርግ የጀመረው የታወቀው የቢራ በዓል ስሙ የኦክቶበር ቢሆንም በሴፕቴምበር አጋማሽ ገደማ ተከፍቶ በኦክቶበር መጀመሪያ ይዘጋል። የአልጋ ዋጋ በእነዚያ ሳምንታት የሚቀመስ ስላልሆነ በጥቅምት መሄዳችን ጥሩ ነው አለ። ለእኛም ይሻለናል፤ ጸጥ ባለ ቤት መቀመጥ ነው የምንፈልገው።

17ኛዋ የኑረምበርጓ እህት ተመልሳ በጥቅምት ፍራንኮንያ (የኑረምበርግና የባምበርግ አካባቢ) ለሚገኝ፣ አሳማም ለማይበላ ሰው ከካርፕ ዓሣ የተሻለ እንደሌለ ነገረችን። ካርፕ እዚያ የሚበላው ከሴፕቴምበር እስከ አፕሪል ነው፤ ከኩሬ ወጥቶ ለሁለት ይሰነጠቅና ግማሹ እንዳለ ተጠብሶ ከድንች ሰላጣ ጋር ይቀርባል። ኑረምበርግና ባምበርግ መካከል ያለው የአይሽ ሸለቆ በኩሬዎቹ የታወቀ ነው።

ይህ ጥሩ ምክር ያልታሰበ እሳት ለኮሰ። 18ኛው ከደብረ ወርቅ የሚጽፍ ዲያቆን ነው። ጉዞው ጾመ ጽጌ ውስጥ እንደሚውል፣ ጾሙ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 እንደሆነ፣ የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾመው ብዙ እንደሆነ አስታወሰን። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ለማንም አይቀርም። በጾም ቀን ዓሣ አይበላም ብሎም ቁርጥ አድርጎ ጻፈ። 19ኛው የባሕር ዳር ልጅ ጣና ዳር አድጎ በጾም ወራት የቆሮሶና የአምባዛ ዓሣ ገበያ እንደሚደራ፣ የሚገዛውም ጿሚው ራሱ እንደሆነ መለሰ። 20ኛው ገበያ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይሆንም አለ። 21ኛው የዲያቆኑን ዕድሜ ጠየቀ፤ 22ኛውም በዚያው መንገድ መለሰለት። ያልተገባ ነበር። ዲያቆኑ በትሕትና የጻፈ ልጅ ነው፤ የባሕር ዳሩም ያየውን ነው የተናገረው።

ነገሩን ያበረዱት 23ኛው መላሽ፣ ዲማ አካባቢ ያሉ አባት ናቸው። በእድሜ የጠገቡ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ስለ ዓሣው በመድረክ ላይ ከመበላላት እያንዳንዱ የንስሐ አባቱን ቢጠይቅ እንደሚሻል ጽፈው፣ መንገደኛ በጤና እንዲገባ መርቀው ወጡ። ከዚያ 24ኛው መልስ ወደ ሥራው ገባ፦ ለጿሚ የድንች ድቡልቡልና የተቀቀለ አትክልት ይገኛል፤ ጎምዛዛው ጥቅል ጎመን ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ስለሚበስል ሳይጠይቁ አለመብላት ነው። በጨው የሚረጨው የተጠማዘዘ ዳቦም አንዳንዱ ቤት ሊጡ ውስጥ ቅቤ ወይም ስብ ስለሚገባበት መጠየቅ አለበት።

25ኛው የፋብሪካው ወንድም ነው። ጾም ከተነሣ አይቀር ብሎ ስለ ፓውላነር መነኮሳት ጻፈ። የቅዱስ ፍራንሲስ ዘፓኦላ ማኅበር አባላት የሆኑት እነዚህ መነኮሳት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሙኒክ ገቡ። ሥርዓታቸው ሥጋ ብቻ ሳይሆን እንቁላልና ወተትም ይከለክላቸው ነበር። በዐቢይ ጾማቸው ጉልበት እንዲሆናቸው ወፍራም፣ እህል የበዛበት ቢራ ይጠምቁ ነበር፤ የዚያ ቢራ ዘር እስከ ዛሬ በየዓመቱ በጾሙ ወራት ሙኒክ ውስጥ ይጠጣል። የደብረ ወርቁ ዲያቆን ይህን በጣም ወደደው። በእኛም ዘንድ የጽዋ ማኅበሩ ቀን ከጾም ጋር ሲገጥም ጠላው እንደማይቀር አክሎ ጻፈ። ከቆሮሶው ጠብ በኋላ እሱን እንዲህ ሲጽፍ ማየቴ አስደሰተኝ።

ወደ ፕልዘን የገባነው በ26ኛው መልስ ነው። ከደምበጫ የሚጽፍ አንድ ወንድም ቼክ ውስጥ ቢራ በ10 እና በ12 ቁጥር እንደሚጠራ ሰምቶ፣ 12 በመቶ አልኮል ያለውን ጠጥተን ባቡር እንዳያመልጠን ሰጋልን። 27ኛው ቁጥሩ የአልኮል እንዳልሆነ፣ ከመፍላቱ በፊት ፈሳሹ ውስጥ ያለውን የእህል ስኳርና ሌላ ሟሚ የሚለካ እንደሆነ አስረዳው። 12 የሚባለው የፕልዘን ቢራ አልኮሉ 4.4 በመቶ ብቻ ነው።

28ኛው እንደገና የፋብሪካው ሰው ነው። ረጅም ጻፈ፤ ባያሳጥረው ጥሩ ነበር ያልሁት ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው። በ1838 የፕልዘን ሰዎች በቢራቸው መበላሸት ተማርረው 36 በርሜል ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት አፈሰሱት። ከዚያ ተሰባስበው የራሳቸውን መጥመቂያ አቆሙ፤ ዮሴፍ ግሮል የሚባል የ29 ዓመት ባቫሪያዊ ጠማቂም አስመጡ። ግሮል በኦክቶበር 5 ቀን 1842 የመጀመሪያውን ጠመቀ። የወጣው ቢራ በዚያ ዘመን ከተለመደው ጠቆር ያለ ቢራ የተለየ፣ ወርቅ የመሰለና የጠራ ነበር። ዛሬ የእኛ አገር ፋብሪካዎችም የሚሠሩት ነጣ ያለ ቢራ የዚያ ቀን ዘር ነው። ምክንያቱን ሲዘረዝር ነጣ ብሎ የደረቀውን ብቅል፣ ቼክ ውስጥ ያለውን የጃተትስ አካባቢ ሆፕ (እንደ ጌሾ መራራነት የሚሰጠውን ተክል)፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጨውና ኖራ የማይበዛበትን የፕልዘንን ለስላሳ ውሃ አነሣ። ከከተማዋ ሥር የሚሄደው የጠማቂው ዋሻ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎብኚ ዋሻው ውስጥ ከእንጨት በርሜል የተቀዳ፣ ያልተጣራ ቢራ ይቀምሳል።

29ኛው የቡሬዋ እናት ጥያቄ ነው። ቢራውን ያፈሰሱትን ሰዎች አመሰገኑ፤ የቆመጠጠ ጠላ ለእንግዳ ከማቅረብ ማፍሰስ ክብር ነውና። ስለ ውሃው ብዙም አልተገረሙም፤ ከምንጭ ተቀድቶ የተጠመቀና በቧንቧ ውሃ የተጠመቀ ጠላ እንደሚለይ ድሮም ያውቃሉ። የጠየቁት ሆፕ ቅጠል ነው ወይስ እንጨት፣ መቼስ ነው የሚገባው የሚለውን ነው። በ30ኛው የፋብሪካው ወንድም መለሰላቸው። ሆፕ ሐረግ ነው፤ ለቢራ የሚፈለገው የሴቴዋ ተክል አበባ ሲሆን የሚገባውም የብቅሉ ፈሳሽ ሲፈላ ነው። ጌሾ ግን ቅጠሉም እንጨቱም ተወቅጦ ከሁሉ አስቀድሞ ጥንስሱ ላይ ይገባል፣ እሳትም አያገኘውም። ሁለቱም መራራነት ይሰጣሉ፤ ሁለቱም መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቃሉ። እትዬ እያለ፣ አንቱ እያለ ነው የጻፈላቸው። ፋብሪካ ውስጥ ከሚያውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ የጠላን አሠራር ከእናታቸው ማጀት እንዳልጠየቁ፣ እሱም ከዚህ ክር በኋላ እናቱ ዘንድ ሄዶ ሊያይ እንዳሰበ ገለጸ።

31ኛዋ የፕራግ ተማሪ ናት። ቼክ ውስጥ አሳማ ለማይበላ ሰው የበሬ ሥጋ በክሬምና በአትክልት መረቅ፣ አጠገቡ በእንፋሎት የበሰለ ድቡልቡል ዳቦ ያለበት ምግብ አለ፤ ስሙ ስቪችኮቫ ነው። የበሬ ጉላሽም በየቤቱ አይታጣም። ከቢራው ላይ የሚቆመው ወፍራም አረፋ ጉድለት መስሎን እንዳንመልሰው አደራ አለችን፤ እዚያ አረፋው ቢራውን ከአየር የሚጠብቅ ክዳን ነው፣ የአቀዳዱም ጥበብ የሚታየው በእሱ ነው።

ከ32 እስከ 34 ያሉት ከቢራው ወጥተው ባቡሩን ይዘው ሄዱ። 32ኛው ጎጃም ሐዲድ ሳይደርሰው እኛ ስለ ጀርመን ባቡር ማውራታችን እንደሚቆጨው ጻፈ። 33ኛው በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባውን የድሮውን ባቡር፣ አዋሽ ጣቢያ ቡፌ ላይ ወርዶ መብላትን፣ በየጣቢያው መስኮት ሥር የሚሸጠውን ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል አስታወሱ። አገርን በመስኮት እያዩ፣ በየጣቢያው የአገሩን እየቀመሱ መሄድ ለእኛም አዲስ አይደለም አሉ። 34ኛው በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ርቀው መሠራታቸው ያንን የመስኮት ገበያ እንዳጠፋው ቅር ብሎት ተናገረ። ከርእስ ወጥተዋል ብሎ አስተባባሪው ሊዘጋቸው ነበር፤ እንዲተዋቸው የለመንሁት እኔ ነኝ።

በ35ኛው መልስ የኑረምበርጓ እህት መንገዱን አስተካከለችልን። ከኮሎኝ ፍራንክፈርት በ2002 በተከፈተው ፈጣን መስመር፤ ከዚያ ኑረምበርግና ባምበርግ። ከኑረምበርግ በሽቫንዶርፍ በኩል ወጥተን ከሙኒክ ወደ ፕራግ የሚሄደውን ባቡር እዚያ ብንይዝ ፕልዘን ላይ ያወርደናል፤ ሙኒክን ለማየት ከመረጥን ደግሞ ከዚያው ያለ ለውጥ ያደርሰናል። እኛ ሽቫንዶርፍን መርጠናል። ሙኒክን ትተን ለባምበርግ ተጨማሪ ሌሊት ሰጥተነዋል፤ ደርሶ መልስ ከመሆን እዚያው ማደር ይሻላል ብለን ነው።

36ኛው እንደገና ከቡሬ ነው። እናታችን ከባምበርግ አንድ ነገር እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ፤ የተጨሰ ብቅል። 37ኛው የፋብሪካው ወንድም ባምበርግ ውስጥ ከ1879 ጀምሮ ብቅል የሚያዘጋጅ ቫየርማን የሚባል ቤት እንዳለ፣ በቢች ጭስ የደረቀ ብቅልም እንደሚሸጥ ነገረን። ጭሱ ጌሾውን እንዳይውጠው፣ ግማሹን በፀሐይ ከደረቀው የራሳቸው ብቅል ጋር ቢቀላቅሉት ጥሩ እንደሚሆን አሰበ። በ38ኛው መልስ እሳቸው አልተስማሙም። መጀመሪያ በትንሽ ማድጋ፣ ሳይቀላቅሉ፣ ማድጋውንም ሳያጥኑ ሊጠነስሱት ነው፤ ማድጋው ከታጠነ የወይራው ጭስ ከቢቹ ጭስ ጋር ተደባልቆ የትኛው ምን እንዳመጣ አይለይምና። ድብልቁንም እጥኑንም ከዚያ በኋላ ያዩታል። የፋብሪካው ወንድም ትክክል ናቸው አለ። አንድ ኪሎ ይበቃቸው እንደሆነ ጠይቄያለሁ፤ ሁለት ይሁን ብለውኛል።